ላይትቲፒዲ በትንሽ ሜሞሪ ማሽን ላይ፦ ከአጫጫን እስከ ሰርተፍኬት

256 ወይም 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ድረ ገጽ ማስኬድ ይቻላል፤ ያውም በደንብ። ላይትቲፒዲ፣ ተጠቃሚዎቹ በአጭሩ ላይቲ የሚሉት ዌብ ሰርቨር፣ ሲነሳ ለራሱ የሚወስደው ጥቂት ሜጋባይት ነው። ማሽኑን የሚጨርሱት ከጀርባው ያሉት ናቸው፦ ቁጥሩ ያልተወሰነ ፒኤችፒ (ገጾቹን የሚያመነጨው የፕሮግራም ቋንቋ)፣ ዳታቤዝ፣ ማንም የማያየው ሎግ (ፕሮግራሞች ሥራቸውንና ስህተታቸውን የሚመዘግቡበት ፋይል)፣ ወደ ደንበኛው ሳይሄድ መሃል ላይ የሚከማች ምላሽ። ስለዚህ ቀላል ሰርቨር የማዋቀር ሥራ በአብዛኛው ገደብ የማስቀመጥ ሥራ ነው። የትኛው ገደብ የት እንደሚቀመጥና ሲታለፍ በምን ምልክት እንደሚታወቅ ላሳያችሁ።

የትእዛዞቹን ስም እዚህ የማሰፍረው እንደሚነበቡ ነው። በፋይሉ ውስጥ በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ክፍሎቻቸው በነጥብና በሰረዝ ተለያይተው ይገባሉ።

መጀመሪያ አሠራሩን መረዳት በኋላ ብዙ ግምት ያስቀራል። አፓቼ የተባለው ሌላ ዌብ ሰርቨር በድሮው የፕሪፎርክ ስልት ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ይመድባል፤ መቶ ሰው ገጹን ከፍቶ ቢቀመጥ መቶ ፕሮሰስ ሜሞሪ ይዞ ይጠብቃል። ላይቲ፣ ያን ክኔሽከ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ ማሽን 10,000 ግንኙነት በአንድ ጊዜ ማስተናገድ እንደሚቻል ለማሳየት የጀመረው፣ ሁሉንም ግንኙነት በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ይይዛል። ሊኑክስ ላይ ኢፖል የተባለው የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አገልግሎት የትኛው ሶኬት (የግንኙነት ጫፍ) የሚነበብ ወይም የሚጻፍበት እንደሆነ ይነግረዋል፤ እሱም ተራ በተራ ይሠራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጉዳቱ ግን ያንን አንድ ፕሮሰስ የሚያስቆም ማንኛውም ነገር፣ ለምሳሌ የተጨናነቀ ዲስክ፣ ሁሉንም ጎብኚ በአንድ ጊዜ ማስቆሙ ነው። «ሰርቨር ማክስ ወርከር» በሚለው ትእዛዝ ፕሮሰሶቹን ማብዛት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። አንድ ወይም ሁለት ኮር ባለው ማሽን ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፣ በዚያ ላይ የሁኔታ ማሳያው ሞጁል (በሰርቨሩ ላይ የሚጨመር ክፍል) ቆጠራ በየፕሮሰሱ ስለሚለያይ የምታዩት ቁጥር አሳሳች ይሆናል። በ0 ተዉት።

ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ በአፕት፣ በጥቅል መጫኛቸው፣ መጫን ይበቃል። ከመጫናችሁ በፊት ፖርት 80ን፣ ተራ ድረ ገጽ የሚቀርብበትን የበር ቁጥር፣ የያዘ ፕሮግራም መኖር አለመኖሩን በ«ኤስኤስ» ትእዛዝ ተመልከቱ። የኪራይ ማሽኖች አንዳንዴ አፓቼ ተጭኖባቸው ይመጣሉ፣ ላይቲም አድራሻው ተይዟል የሚል ስህተት ሎግ ላይ ጽፎ ይሞታል። አፓቼን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ በሲስተምሲቲኤል (የአገልግሎቶች መቆጣጠሪያ ትእዛዝ) «ዲሴብል» ካልተደረገ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ቀድሞ የተነሳው ፖርቱን ይወስዳል፣ እናንተም ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ለምን እምቢ እንዳለ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ዋናው የቅንብር ፋይል በኢቲሲ ስር በላይትቲፒዲ ፎልደር ውስጥ ነው። እሱን ባትነኩት ይሻላል። ጎኑ «ኮንፍ አቬይለብል» እና «ኮንፍ ኢኔብልድ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች አሉ፤ በመጀመሪያው ያለው ፋይል ሥራ ላይ የሚውለው በሁለተኛው ውስጥ ማያያዣ ሲፈጠርለት ነው፣ ይህንንም «ላይቲ ኢኔብል ሞድ» የተባለው ትእዛዝ ይሠራል። ፋይሎቹ ስማቸው በቁጥር ይጀምራል፣ በቁጥራቸውም ቅደም ተከተል ይነበባሉ። የራሳችሁን ቅንብር በ90 በሚጀምር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ጥቅሉ ሲሻሻል ዋናው ፋይል ስላልተነካ የትኛውን ላስቀር ብሎ አይጠይቃችሁም፤ ማሽን ስትቀይሩም የምትወስዱት ይህን አንድ ፋይል ነው።

የቅንብር ቋንቋው ትንሽ ቢሆንም ሰውን የሚያስቱ ጠባዮች አሉት። ኤንጂንኤክስ ከተባለው ሌላ ዌብ ሰርቨር የመጣ ሰው በየመስመሩ መጨረሻ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ያደርጋል፤ እዚህ አያስፈልግም፣ ስህተት ነው። ዝርዝር በክብ ቅንፍ፣ ጽሑፍ በጥቅስ ውስጥ ይገባል። «ሰርቨር ሞጁልስ» ዋናው ፋይል ውስጥ አንዴ በእኩል ይሆናል ምልክት ስለተሰጠ በእናንተ ፋይል ውስጥ ድጋሚ በእኩል ይሆናል ብትጽፉት ድርብ ተለዋዋጭ ብሎ አይነሳም። ትክክሉ ከእኩል ይሆናል በፊት የመደመር ምልክት ማስገባት ነው፣ ያኔ ባለው ላይ ይጨምራል። በሁኔታ ቅንፍ ውስጥ ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። ለሁሉም ገጽ አንድ የምላሽ ሄደር (ከገጹ ጋር የሚላክ የመረጃ መስመር) አስቀምጣችሁ ለአንድ ዶሜይን ብቻ ሌላ ሄደር በእኩል ይሆናል ብትሰጡ፣ የውስጡ የውጩን ይተካዋል እንጂ አይደመርበትም። የደኅንነት ሄደሮች በአንዳንድ ገጾች ላይ ብቻ ሲጠፉ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ከሁሉም በላይ ልትጠነቀቁበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። ስሙ የተሳሳተ ትእዛዝ፣ ወይም ሞጁሉ ያልተጫነ ትእዛዝ፣ ሰርቨሩን አያስቆመውም። የማላውቀው ቁልፍ ነው፣ ዘልዬዋለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ሎግ ላይ ይጽፍና ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ለአንድ የካሽ (ለድጋሚ መጠቀሚያ የሚቀመጥ ቅጂ) ቅንብር ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን የአክሰስ ሞጁል ሳይጫን የተጻፈ ክልከላ ማለት፣ ከልክዬዋለሁ ብላችሁ የምትተማመኑበት ፋይል ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቅንብር በለወጣችሁ ቁጥር ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ላይትቲፒዲን በድርብ ቲ ምርጫ ጥሩትና ፋይሉን እንዲፈትሽ አድርጉ፤ ነጠላ ቲ ሰዋስውን ብቻ ያያል፣ ድርብ ቲ ሞጁሎቹንም ጭኖ ይሞክራል። ሁለተኛ፣ ከተነሳ በኋላ የስህተት ሎጉን የመጨረሻ መስመሮች አንብቡ። የከለከላችሁትንም ነገር ከውጭ ሆናችሁ በከርል (ገጽን ከትእዛዝ መስመር የሚጠይቅ ፕሮግራም) ጠይቁትና 403፣ የተከለከለ ነው የሚል ምላሽ፣ መመለሱን በዓይናችሁ እዩ።

የሞጁሎቹ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ኦውዝና የሚከለክለው አክሰስ፣ ጥያቄውን ለጀርባው ፕሮግራም ከሚያቀብሉት ከፋስትሲጂአይና ከፕሮክሲ በፊት መምጣት አለባቸው። ከኋላ ከመጡ ጥያቄውን የጀርባው ፕሮግራም ቀድሞ ይወስደዋል፣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ስለ ፋይል ፈቃድ ረጅም ነገር የለም። ፎልደር 755 (ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል፣ ይገባል)፣ ፋይል 644 (ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል ብቻ)፣ ባለቤቱ የእናንተ ተጠቃሚ እንጂ ዌብ ሰርቨሩ አይሁን። ሰርቨሩ የሚጽፍበት እንደ ምስል መጫኛ ያለ ፎልደር ብቻ ላይቲ በስሙ ለሚሠራበት ተጠቃሚ ለ«ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ዳታ» ይሰጥ። ፋይሉ በቦታው እያለ 403 ከመጣ፣ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ፋይሉ ባሉት ፎልደሮች ሁሉ ላይ የመግቢያ ፈቃድ መኖሩን አረጋግጡ፤ አንዱ ቢጎድል መንገዱ ይቆረጣል። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የተጠቃሚዎችን የቤት ፎልደር በ750 (ለሌላ ሰው ዝግ አድርጎ) ስለሚፈጥር፣ ድረ ገጹን ቤታቸው ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች እዚህ ላይ ይያዛሉ። መፍትሔው የቤቱን በር ለሁሉም መክፈት አይደለም፣ ድረ ገጹን ወደ ቫር ስር ማዛወር ነው።

ወደ ፒኤችፒ እንሂድ፤ ሜሞሪው በእርግጥ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ላይቲ ፒኤችፒን ራሱ አያስኬድም። ጥያቄውን በፋስትሲጂአይ አማካይነት የፒኤችፒ ፕሮሰሶችን ለሚያስተዳድረው ለፒኤችፒ ኤፍፒኤም ያቀብላል፣ ኤፍፒኤምም ከልጆቹ፣ በሥሩ ከሚሠሩት ፕሮሰሶች፣ ለአንዱ ይሰጣል። አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይሠራል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ስንት ልጅ የሚለው ነው። ሂሳቡ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ሳይሠራው ያልፋል። 512 ሜጋባይት ያለው ማሽን እንውሰድ። ለሲስተሙ 100፣ ለዳታቤዙ 130፣ ለላይቲ 10፣ ከርነሉ ፋይሎችን ካሽ ለሚያደርግበት 70 ብንተው 200 ያህል ይቀራል። የአንዱ ልጅ መጠን በሥራ ላይ እያለ 40 ከሆነ «ፒኤም ማክስ ቺልድረን» 5 መሆን አለበት። 20 ብታደርጉት ጎብኚ በበዛበት ሰዓት ማሽኑ ወደ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲያልቅ በምትኩ ወደሚጠቀምበት ዲስክ) ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ይንቀራፈፋል፣ የተንቀራፈፈ ጥያቄ ልጁን ይዞ ስለሚቆይ ሌላ ልጅ ይወለዳል፣ በመጨረሻም ከርነሉ ትልቁን ፕሮሰስ ይገድላል። ያ ትልቁ ፕሮሰስ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው። ዳታቤዙ ያለ ምክንያት ይሞትብኛል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው የፒኤችፒ ልጆቹን ቁጥር ነው።

የልጁን መጠን ከራሳችሁ ማሽን ለኩ እንጂ ከሌላ ሰው ጽሑፍ አትውሰዱ፤ እላይ ያለው 40ም ምሳሌ ነው። ገጹ ለተወሰነ ጊዜ ከተጎበኘ በኋላ በ«ፒኤስ» ወይም በ«ቶፕ» የአርኤስኤስ ዓምዱን (ፕሮሰሱ የያዘውን ሜሞሪ) ተመልከቱ። ይህ ቁጥር ልጆቹ የሚጋሩትን የኦፕካሽ (የተዘጋጀ የፒኤችፒ ኮድ ማስቀመጫ) ሜሞሪ በእያንዳንዳቸው ላይ ስለሚደግመው ከእውነተኛው ከፍ ይላል፤ ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ በኩል ስለሆነ ግን ለመነሻ ይበቃል። ሌላው የሚረሳው የፒኤችፒ «ሜሞሪ ሊሚት» ነው። ሳይነካ 128 ሜጋባይት ነው፤ አምስት ልጆች በአንድ ጊዜ ገደባቸው ላይ ቢደርሱ 640 ይሆናል፣ ማሽኑ ከያዘው በላይ። ፕሮግራማችሁ የሚችል ከሆነ ወደ 64 አውርዱት።

በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ የልጆቹን አስተዳደር ከ«ዳይናሚክ» ወደ «ኦንዲማንድ» (ልጆች ሲያስፈልጉ ብቻ ወደሚወለዱበት) መቀየርን እመርጣለሁ። ጎብኚ በሌለ ሰዓት ልጆቹ ከ10 ሴኮንድ ሥራ ፈትነት በኋላ ይጠፋሉ፣ ሜሞሪውም ለሌላ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ጎብኚ ጥቂት ይጠብቃል፤ ለትንሽ ገጽ ይህ ተገቢ ልውውጥ ነው። «ማክስ ሪኩዌስትስ»ን 500 አድርጉት፣ ሜሞሪ የሚያፈስ ኮድ ቢኖር ልጁ ከ500 ጥያቄ በኋላ በአዲስ ይተካል። «ሪኩዌስት ተርሚኔት ታይምአውት» ሳይነካ 0 ስለሆነ አንድ የተንጠለጠለ ስክሪፕት ልጁን ለዘላለም ሊይዝ ይችላል፤ 30 ሴኮንድ ስጡት።

ሁለቱን የሚያገናኘው ሶኬት በፋይል መልክ ቢሆን ይሻላል እንጂ በፖርት አይሁን፤ የፋይሉ ባለቤትና ፈቃድ ማን እንደሚገባ ይወስናሉ። ባለቤቱ ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ዳታ፣ ፈቃዱ 0660። 503 (አገልግሎቱ አሁን የለም የሚል ምላሽ) ከመጣና የላይቲ ሎግ የፒኤችፒ አስተናጋጆች በሙሉ ወድቀዋል ካለ፣ ወይ ኤፍፒኤም አልተነሳም፣ ወይ የሶኬቱ መንገድ በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ አይመሳሰልም፣ ወይ ፈቃዱ ልክ አይደለም። የመንገዱ አለመመሳሰል የሚመጣው በአብዛኛው የፒኤችፒ ስሪት ከተሻሻለ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም የስሪቱ ቁጥር ሶኬቱ ስም ውስጥ አለ። ገጹ ሳይወድቅ እየዘገየ የኤፍፒኤም ሎግ የልጆች ገደብ ላይ ተደርሷል፣ ከፍ አድርጉት የሚል ከሆነ ወዲያው አትታዘዙት። መጀመሪያ የዝግታ ሎጉን ክፈቱና የትኛው ስክሪፕት እንደሚጓተት እዩ፤ አንድ ዘገምተኛ የዳታቤዝ ጥያቄን ማስተካከል አሥር ልጅ ከመጨመር ይበልጣል።

አንድ የደኅንነት ነጥብ እዚሁ ላይ ይነሳ። «ስታቲክ ፋይል ኤክስክሉድ ኤክስቴንሽንስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ የፒኤችፒ ቅጥያ መኖሩን አረጋግጡ። የፋስትሲጂአይ ቅንብር በሆነ ምክንያት ሳይጫን ቢቀር፣ ይህ መስመር ከሌለ ላይቲ የፒኤችፒውን ፋይል እንደ ተራ ጽሑፍ ከነዳታቤዙ የይለፍ ቃል ለጎብኚው ይሰጠዋል። መስመሩ ካለ 403 ይመልሳል።

በነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎችና ፎልደሮችም ይከልከሉ፤ የጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ) ታሪክና የአካባቢ ተለዋዋጮች (የፕሮግራሙ ቅንብር) ፋይል በየቀኑ በሮቦቶች ይጠየቃሉ። ክልከላውን በአድራሻ ሁኔታ ስትጽፉ «ዌል ኖውን» የሚባለውን ፎልደር ብቻ ለዩት፣ አለበለዚያ ሰርተፍኬት ማደሻው ይዘጋል። የፎልደር ዝርዝር ማሳያውንም አጥፉ።

ትልልቅ ፋይል ለሚያስተላልፍ ሰው «ሰርቨር ስትሪም ሪስፖንስ ቦዲ» ሊታወቅ ይገባል። ሳይነካ 0 ነው፤ ላይቲ ከጀርባ የመጣውን ምላሽ በሙሉ ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ መላክ ይጀምራል ማለት ነው። ለተራ ገጽ ይህ ጥሩ ነው፦ ፒኤችፒው ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ልጁ ነጻ ይወጣል፣ ለዘገምተኛው ደንበኛ ላይቲ ቀስ ብሎ ይልክለታል። ምላሹ 300 ሜጋባይት ሲሆን ግን ጊዜያዊ ፋይሎች ዲስኩን ይሞሉታል፤ ጊዜያዊ ፎልደሩ ሜሞሪ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሜሞሪውን። ዋጋውን 1 ማድረግ እየተቀበለ እንዲልክ ያደርገዋል፤ 2 ደግሞ በመሃል የሚከማቸውን በእጅጉ ይገድባል፣ በምትኩ ግን የጀርባው ፕሮግራም በደንበኛው ፍጥነት እንዲሄድ ይገደዳል። ስለዚህ 2ን ለሁሉም አታድርጉት፣ አምስት ዘገምተኛ ስልኮች አምስቱንም ልጆች ይዘው ይቀመጣሉ። ፋይሉ ዲስክ ላይ ያለና ፒኤችፒው የሚሠራው ፈቃድ ማረጋገጥ ብቻ ከሆነ ግን ከሁሉም የሚሻለው ኤክስ ሴንድፋይል ነው። ስክሪፕቱ ፈቃዱን አይቶ የፋይሉን መንገድ በሄደር ይመልሳል፣ ላይቲ ፋይሉን በከርነሉ በኩል በቀጥታ ይልካል፣ ልጁ በሚሊሴኮንዶች ውስጥ ይለቀቃል። በፋስትሲጂአይ ቅንብሩ ውስጥ ሲከፈት የተፈቀደውን ፎልደርም አብሮ መወሰን ያስፈልጋል፤ ካልተወሰነ በስክሪፕቱ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ማንኛውንም ፋይል ሊያስወጣ ይችላል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ሰው ወደ ሰርቨሩ ፋይል ሲጭን፣ ሦስት ገደቦች ይሰለፋሉ፦ የላይቲ «ማክስ ሪኩዌስት ሳይዝ» በኪሎባይት፣ የፒኤችፒ «ፖስት ማክስ ሳይዝ» ሳይነካ 8 ሜጋባይት፣ «አፕሎድ ማክስ ፋይል ሳይዝ» ሳይነካ 2 ሜጋባይት። 413 (የተላከው በጣም ትልቅ ነው የሚል ምላሽ) ከመጣ የከለከለው ላይቲ ነው። ገጹ ያለ ስህተት ተመልሶ ፋይሉ ግን ከሌለ የከለከለው ፒኤችፒ ነው። ላይቲ የሚጫነውን በጊዜያዊነት የሚያስቀምጥበት ፎልደር በቂ ቦታ ያለው ዲስክ ላይ ይሁን።

ግንኙነቶችና የጊዜ ገደቦች ላይ ሳይነኩ ያሉት ዋጋዎች መጥፎ አይደሉም። ሥራ ፈት ግንኙነት 5 ሴኮንድ፣ ከደንበኛው ንባብ 60፣ ወደ ደንበኛው ጽሕፈት 360 ሴኮንድ ይጠበቃል። የመጨረሻውን ወደ 120 ማውረድ ትልልቅ ፋይል ለማያስተላልፍ ገጽ ይጠቅማል። ሎጉ ላይ ሶኬቶች ተዘግተዋል፣ የፋይል ገላጭ (ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይልና ግንኙነት የሚሰጥ ቁጥር) አልቋል የሚል ማስታወሻ ከታየ «ሰርቨር ማክስ ኤፍዲኤስ» ከፍ ይበል። በፋስትሲጂአይ የሚሄድ አንድ ጥያቄ ለደንበኛው አንድ፣ ለጀርባው ሌላ ገላጭ እንደሚይዝ አስቡ፤ 1024 ገላጭ ማለት 1024 ጎብኚ ማለት አይደለም። ከፍ ስታደርጉ የሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል) የፋይል ገደብም መፍቀድ አለበት።

ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው ግንኙነት) ላይ ቅደም ተከተሉ ሰውን ያሰናክላል። መጀመሪያ በፖርት 80 ገጹ ከውጭ መታየቱን አረጋግጡ። ቀጥሎ ከሌትስ ኢንክሪፕት፣ ከሰርተፍኬት ሰጪው ድርጅት፣ በሰርትቦት ፕሮግራም «ዌብሩት» ስልት ሰርተፍኬቱን (የዶሜይኑን ማንነት ማረጋገጫ) አውጡ፣ ላይቲን ማቆም አያስፈልግም። ከዚያ በ443፣ በኤችቲቲፒኤስ ፖርት፣ ኦፕንኤስኤስኤል ሞጁሉን ክፈቱ። ከ80 ወደ 443 የሚያዞረውን መስመር በመጨረሻ አስገቡ፤ ቀድማችሁ ካስገባችሁት የማረጋገጫው ጥያቄ ገና ወዳልተከፈተ ፖርት ይዞርና ይወድቃል። የዶሜይኑ የአይፒ ስሪት 6 መዝገብ ካለ ላይቲ በዚያም አድራሻ ማዳመጥ አለበት። ሌትስ ኢንክሪፕት ሲያረጋግጥ ስሪት 6ን ያስቀድማል፤ መዝገቡ ኖሮ በዚያ አድራሻ ሌላ ማሽን ከመለሰ በስሪት 4 ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ እያለ ማረጋገጫው ይወድቃል።

ለ«ኤስኤስኤል ፔምፋይል» የሚሰጠው ሙሉ ሰንሰለት ያለው ፋይል ነው እንጂ የዶሜይኑ ሰርተፍኬት ብቻውን አይደለም። መካከለኛው ሰርተፍኬት ሲጎድል የኮምፒውተር ብሮውዘር ብዙ ጊዜ ከሌላ ገጽ ያስቀመጠውን ተጠቅሞ ይከፍታል፣ ከርልና አንዳንድ ስልኮች ግን አይከፍቱም። እኔ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ አይሠራም የሚባለው ነገር ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቁልፉ በ«ኤስኤስኤል ፕሪቭኪ» ለብቻው ይሰጣል፤ ፋይሉ የሩት (የሲስተሙ የበላይ ተጠቃሚ) ብቻ ሆኖ በ600 ይቀመጥ፣ ላይቲ መብቱን ከመልቀቁ በፊት ያነበዋል።

የሌትስ ኢንክሪፕት የተለመደው ሰርተፍኬት ዕድሜው 90 ቀን ነው። ሰርትቦት ራሱ ያድሰዋል፤ ላይቲ ግን የሚያውቀው ሲነሳ ያነበበውን ነው። ስለዚህ ከእድሳት በኋላ የሚሮጥ ትእዛዝ በሰርትቦት «ዲፕሎይ ሁክ» ውስጥ ይግባ። እዚህ ላይ ሙሉ ሪስታርት እመርጣለሁ። በለስላሳው ዳግም ጭነት ጊዜ ፕሮሰሱ የሩት መብቱን አስቀድሞ ስለለቀቀ 600 የሆነውን ቁልፍ ማንበብ ላይችል ይችላል። ሪስታርቱ የሚወስደው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው፣ ሌሊት ላይ ማንም አያስተውለውም። ብሮውዘሮች ሁልጊዜ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲመጡ የሚያዝዘውን ሄደር መጀመሪያ በ300 ሴኮንድ ጀምሩት፤ በአንድ ዓመት ጀምራችሁ ሰርተፍኬቱ ቢበላሽ ጎብኚዎቹ ተመልሰው የሚገቡበት መንገድ አይኖርም።

ኤችቲቲፒ 2 ከላይቲ ስሪት 1.4.56 ጀምሮ አለ፣ ከ1.4.59 ጀምሮ ደግሞ ሳይጠየቅ ይሠራል። ምንም አታድርጉ።

ማመቅ የሚጠቅመው ለጽሑፍ ነው፦ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጄሰን፣ ኤስቪጂ። ጄፔግና ቪዲዮ ቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ድጋሚ ማመቅ ፕሮሰሰር ከማባከን በቀር ምንም አያመጣም። ለማይለወጡ ፋይሎች «ዲፍሌት ካሽ ዲር» ስጡት፣ አንዴ የታመቀው ተቀምጦ ይላካል፤ ያንን ፎልደር ግን ላይቲ አያጸዳውም፣ ከአሥር ቀን በላይ የቆዩትን የሚያጠፋ የክሮን (ትእዛዝን በጊዜ ሰሌዳ የሚያስኬድ ፕሮግራም) መስመር ያስፈልገዋል። ሲኤስኤስ ሳይሠራ ገጹ ራቁቱን ከመጣ ምላሹ የያዘውን የይዘት ዓይነት በከርል እዩ፤ ዓይነቱ ካልተመደበ ብሮውዘሩ ቅጡን አይቀበልም።

ከጀርባው በኖድ ወይም በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ካለ፣ ፕሮግራሙ በ127.0.0.1፣ በማሽኑ ውስጣዊ አድራሻ፣ ብቻ ያዳምጥ። በሁሉም አድራሻ ካዳመጠ ሰው ላይቲን አልፎ በቀጥታ ይገባበታል። በፕሮክሲ ቅንብሩም ውስጥ «ሎካልሆስት» ከማለት ቁጥሩን ጻፉ፤ ስሙ ወደ አይፒ ስሪት 6 ሊፈታ ይችላል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ እዚያ ላይኖር ይችላል። ዌብሶኬት (ሳይዘጋ የሚቆይ ቀጥታ ግንኙነት) የሚጠቀም ከሆነ በ«ፕሮክሲ ሄደር» ውስጥ «አፕግሬድ» መፈቀድ አለበት፣ ካልተፈቀደ ገጹ ይከፈታል፣ ቀጥታ የሚመጣው መልእክት ግን አይመጣም።

ሎግ የመጨረሻው ነው፤ በሚሞሪ ካርድ በሚሠሩ እንደ ራዝበሪ ፓይ ባሉ ማሽኖች ላይ ግን ከመጀመሪያዎቹ መሆን ነበረበት። የጎብኚ ሎግ እያንዳንዱን ጥያቄ ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ካርዱን ያደክማል፣ ካርዱ ሲዘገይም ያንን አንድ ፕሮሰስ ያስጠብቃል። የማታነቡት ከሆነ የጎብኚ ሎጉን ዝጉትና የስህተት ሎጉን ብቻ አስቀሩ። የምታነቡት ከሆነ የሎግ ፎልደሩን ሜሞሪ ላይ በቲኤምፒኤፍኤስ ሥሩት፣ መጠኑንም 16 ሜጋባይት ላይ ገድቡት፣ ሎግሮቴትም (ያረጀውን ሎግ በአዲስ የሚተካ ፕሮግራም) በየቀኑ ያዙረው። ከዞረ በኋላ ላይቲ አዲሱን ፋይል እንዲከፍት የሃንግአፕ ሲግናል ይላክለት፤ ካልተላከ በተሰረዘው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል፣ ዲስኩም ምንም ፋይል ሳይታይ ይሞላል።

የሎግ ፎልደሩን ሜሞሪ ላይ የሠራ ሰው አንድ ነገር ይቀረዋል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ በቲኤምፒኤፍኤሱ ውስጥ የነበረው ንዑስ ፎልደር የለም፤ ላይቲም የስህተት ሎጉን መክፈት አልቻልኩም ብሎ አይነሳም። በሲስተምዲ «ቲኤምፒፋይልስ» ውስጥ ፎልደሩን ከነባለቤቱ ከነ750 ፈቃዱ በእያንዳንዱ መነሻ የሚፈጥር አንድ መስመር አስገቡ። ከዚያ ማሽኑን ራሳችሁ ሪቡት አድርጉት፣ ማንንም ሳትነኩ ላይቲ፣ ኤፍፒኤምና ዳታቤዙ መነሳታቸውን፣ ገጹም ከሌላ ኔትወርክ በ443 መክፈቱን አረጋግጡ።